ሳቅ በቤት፥ ሳቅ በአደባባይ

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በቡራዩ፥ በአንድ ወዳጃችን ቤት የመልስ ግብዣ ተደርጎ እኛም ከተጠሩት መካከል ነበርን። ምሳው ተበልቶ ጠጁ ከተቀዳ በኋላ አንድ ጨዋታ አዋቂ ወጣት ተነሥቶ የድምፅ ማጉያውን ያዘና እንግዶቹን ያጫውት ጀመር። ስለ ሚዜዎቹ ተናገረ፤ ሳቅን። ስለ ሙሽራው ስስት ተናገረ፤ አብልጠን ሳቅን። ከዚያም የሙሽራዪቱን አያት የአማርኛ አነጋገር እየመሰለ መናገር ጀመረ። እኒህ እናት አፋቸውን የፈቱት በኦሮምኛ ሲሆን፥ አማርኛን የተማሩት ካደጉ በኋላ ከገበያና ከጎረቤት ነው። በዚህም ሳቅን፤ ነገር ግን ዘወር ብለን ሙሽራዪቱን ብናይ አንገቷን ደፍታ ነበርና፥ ሳቃችን በአፋችን ውስጥ መረረ።

አሮጊቲቱ ግን አልተቈጡም። ወጣቱን በእጃቸው ጠቅሰው ካስቀረቡ በኋላ እንዲህ አሉት። «ልጄ፥ እኔ በሁለት ቋንቋ እናገራለሁ፤ አንዱ ቢሰበርብኝ አንዱ ይቀረኛል። አንተ ግን ያለህ አንድ ነውና ተጠንቅቀህ ያዘው።»

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ወጣቱም ጨዋ ልጅ ነበርና ዝቅ ብሎ ጕልበታቸውን ሳመ። ከዚያ በኋላ ያወራው፥ እርሱ ራሱ ኦሮምኛ ለመናገር ሲሞክር በገበያ መካከል የደረሰበትን ነገር ነበር። በዚህ ጊዜ ከሁሉ አብልጠው የሳቁ አሮጊቲቱ ናቸው።

አንባቢዎቻችን ሆይ፥ የዛሬው ነገራችን ከዚህ የተነሣ ነው። አንዱ ሰው፥ በአንዱ ቀን፥ በአንዱ ነገር ሁለት ጊዜ አሳቀን። በፊተኛው ሳቅ አንዲት ልጅ አንገቷን ደፋች፤ በኋለኛው ግን የተደፋው አንገት ቀና አለ። ልዩነቱ በቃሉ ማማር አልነበረም፤ ቀልደኛው የቆመበት ስፍራ ነው።

ማሳቅ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። አለቃ ገብረ ሐና በዝማሜ ሊቅነታቸው የተከበሩ ሆነው ሳሉ፥ ከሊቅነታቸው ይልቅ ስማቸውን በየቤቱ ያደረሰው ጨዋታቸው ነው። አዝማሪውም በመሳፍንቱ አዳራሽ ሌላው ሰው ቢናገረው የሚያስቀጣውን ነገር በዜማ አዋዝቶ ሲያሰማ ኖሯል። በኋላኛው ዘመን ደግሞ ተስፋዬ ካሳ፥ አለባቸው ተካና ልመነህ ታደሰ በመድረክና በቴሌቪዥን ብዙ ቤተ ሰብ በአንድነት አስቀዋል።

በውጭው ዓለም ይህ ሙያ የራሱ ሥርዓትና የራሱ በዓል አለው። ባለሙያው ብቻውን ይቆማል፤ ጓደኛ ተዋናይ የለውም፤ ልዩ ልብስም ሆነ ያጌጠ መድረክ አያስፈልገውም። ያለው ምላሱና የድምፅ ማጉያው ብቻ ነው። ዳኛውም በፊቱ የተቀመጠው ሕዝብ ሲሆን፥ ፍርዱ ወዲያውኑ ይሰጣል፤ ይኸውም ሳቅ ወይም ዝምታ ነው። በስኮትላንድ በኤድንብራ ከተማ በ1939 ዓ.ም. ስምንት የቴአትር ማኅበሮች ሳይጠሩ መጥተው በታላቁ በዓል ዳር በመጫወታቸው የተመሠረተው በዓል፥ ዛሬ ከየአገሩ የሚመጡ ቀልደኞች የሚፈተኑበት ታላቅ አደባባይ ሆኗል። በካናዳ በሞንትሪያል በ1975 ዓ.ም.፥ በአውስትራሊያም በሜልበርን በ1979 ዓ.ም. የዚሁ ሙያ በዓላት ተመሥርተዋል።

እንዲህ ብቻቸውን ቆመው ከሚያስቁት መካከል የአገራችን ተወላጅ የሆነ አንድ ሰው አለ፤ ስሙም ዮሲ ዋሳ ይባላል። የተወለደው በጎንደር አገር በቤተ እስራኤል መንደር ነው። በልጅነቱ ከቤተ ሰቡ ጋራ አገሩን ለቆ በእግሩ ወደ ሱዳን ተጓዘ፤ በዚያም ጕዞና ስደት ቤተ ሰቡ አያቱንና ወንድሞቹን በሞት አጣ። በ1977 ዓ.ም. ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 8 ሺህ ያህል ቤተ እስራኤል ከሱዳን በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወስደዋል፤ እዚያ ለመድረስ ሲጓዙና በሱዳን ሰፈር ሲጠብቁ የሞቱትም በብዙ ሺህ ይቈጠራሉ።

ዮሲ ካደገ በኋላ በሃይፋ ዩኒቨርሲቲ ቴአትር ተማረ። ከሻይ ቤን አታር ጋራ ሆኖ ብቻውን የሚጫወተውን አንድ ጨዋታ ጻፈ፤ የጨዋታውም ስም ወደ ቋንቋችን ሲመለስ «በአማርኛ ሲነገር ያምራል» እንደ ማለት ነው። ይህንኑ በዕብራይስጥና በእንግሊዝኛ እየተጫወተ በእስራኤልና በሰሜን አሜሪካ ዞሯል። ነገሩም የመንደሩ ኑሮ፥ የመንገዱ መከራ፥ በአዲሱም አገር የወላጆቹ ግራ መጋባት ነው። የሞት መንገድ ያለፈ ልጅ ስለዚያው መንገድ ሰውን ያስቃል ብሎ ማን ያስባል? አባቶቻችን ግን «ጥርስ ባዳ ነው» ማለታቸው ይህን ስለሚያውቁ ነው።

ከዚህም በኋላ ዮሲና ሻይ «ነፍሱ» የተባለውን የቴሌቪዥን ጨዋታ አዘጋጁ። እርሱም ከኢትዮጵያ የመጣ ባልና ከአውሮፓ አይሁድ ወገን የሆነች ሚስቱ በአንድ ቤት ሲኖሩ፥ ሁለቱ ዘመዳሞች የሚያመጡትን ጣጣ የሚያሳይ ነው። በኅዳር 2011 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ከተማ የዓለም አቀፉን የኤሚ ሽልማት በቀልድ ጨዋታ ክፍል አሸነፈ።

እኛ ከዚህ ሰው የምንማረው ሽልማቱን አይደለም። ወላጆቹ በአዲሱ አገር ቋንቋና ልማድ ሲደናገሩ የሚያይ ልጅ፥ የመጀመሪያው ፈተናው በእነርሱ ማፈር ነው። ዮሲ ግን ከሚስቁት ጋራ ሆኖ በወላጆቹ ላይ አልቆመም፤ ከወላጆቹ አጠገብ ቆሞ ራሱንም ጭምር አስቆ አስወደዳቸው። የቡራዩ ወጣት በፊተኛው ቀልዱ የሳተው፥ በኋለኛው ያገኘው ይህንኑ ስፍራ ነው።

ይህ ለቤታችን ትልቅ ትምህርት ይሆናል። በማዕድ ዙሪያ አባት በልጁ መንተባተብ ይቀልዳል፤ ወንድም በእኅቱ መልክ ይቀልዳል፤ እመቤት ከገጠር በመጣችው ሠራተኛ አነጋገር እንግዶቿን ታስቃለች። የሳቀው ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ቀልዱን ይረሳዋል፤ የተሳቀበት ግን ከዓመት በኋላም ያስታውሰዋል። ሠራተኛዪቱ መልስ መስጠት አይቻላትም፤ እንደ ቡራዩዋ እናት ያለ ዕድሜና ክብር የላትምና። መልስ ሊሰጥ በማይችል ሰው መቀለድ ጨዋታ አይባልም።

ስለዚህ ሳቅ ከቤታችን ይጥፋ አንልም፤ ሳቅ የሌለበት ቤት እሳት እንደሌለበት ምድጃ ነው። ነገር ግን የቤቱ ጌታ ቀልድ ሲያምረው አስቀድሞ በራሱ ይጀምር። አባት የወጣትነቱን ስሕተት አውርቶ ልጆቹን ቢያስቅ ክብሩ አይጐድልበትም፤ ልጆቹም ሲሳሳቱ ሳይፈሩ ወደ እርሱ ለመምጣት መንገድ ያገኛሉ።

ከቡራዩ ስንመለስ አሮጊቲቱ እስከ በር ሸኝተውን በኦሮምኛ መረቁን። ከእኛ መካከል አንዱ በዚያው ቋንቋ ሊመልስ ሞክሮ ተሳሳተ። እርሳቸውም ፈገግ ብለው ቃሉን በቀስታ አቃኑለት፤ አልሳቁበትም።