ናፍጣው የት ገባ?

ከወረታ እስከ ደብረ ታቦር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሾፌር ኪሱ ላይ የሚሰማው ግን ርቀቱ ሳይሆን ዳገቱ ነው። ወረታ በፎገራ ሜዳ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ያለች ከተማ ናት። ደብረ ታቦር ደግሞ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ነች። ተሳፋሪና ዕቃ ጭኖ ሦስት ቶን የሚመዝን ሚኒባስ ክብደቱን እዚያ ላይ ለማድረስ ብቻ ሁለት ሊትር ያህል ናፍጣ ያቃጥላል። በሜዳ በሊትር 10 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ከሆነ ለርቀቱ አራት ሊትር ይበቃው ነበር፤ ዳገቱ ሒሳቡን በግማሽ አሳደገው ማለት ነው። ቁልቁለቱ ጥቂት ይመልሳል፣ ሁሉንም ግን አይመልስም።

ስለዚህ “መኪናዬ መብላት ጀመረች” ብሎ ጋራዥ ለመጣ ሰው ኮፈኑ ከመከፈቱ በፊት የሚቀርበው ጥያቄ “የት የት ስትሠራ ነበር?” የሚል መሆን አለበት። ባለፈው ወር ከባሕር ዳር ወረታ እየተመላለሰ የከረመ፣ በዚህ ወር ድንች ሊጭን ወደ ጉና ተራራ ግርጌ ወይም ወደ ንፋስ መውጫ የወጣ ሰው ሁለቱን ወሮች ማወዳደር አይችልም።

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሚለጠፈው በደጋው አየር ላይ ነው። አየሩ እውነትም ሳስቷል፤ ደብረ ታቦር ላይ ሞተር የሚስበው አየር ጅቡቲ ወደብ ላይ ከሚስበው በሩብ ያህል ያንሳል። ካርቡራተር ያላት አሮጌ መኪና ይህን አታውቅም። ቤንዚኑን በቆላው ልክ ትቀዳለች፣ ካንዴላዋም ደረቅ ጥላሸት ይለብሳል። ኢንጀክሽን ያላት በሴንሰሯ ለክታ ትቀንሳለች። ዳሩ ግን ጉና ትናንትም እዚያው ነበር። እዚሁ ከርማ ፍጆታዋ በድንገት ለጨመረ መኪና ከፍታ ምክንያት አይሆንም፤ መፈለግ ያለበት የተለወጠው ነገር ነው።

አንዳንዴ የተለወጠው ልኬቱ ራሱ ነው። ሰልባትዮውን እስከ አፉ ሞልቶ፣ ሠርቶ፣ ከዚያው ማደያ እንደገና ሞልቶ የሄዱበትን ኪሎ ሜትር ለገባው ሊትር ማካፈልን የመሰለ የለም። ነዳጅ ጠፍቶ በጀሪካንና በሃይላንድ ሲገዛ ግን ስንት ሊትር እንደገባም፣ ምን እንደተቀላቀለበትም አይታወቅም፤ በዚያ ሳምንት የሚደረግ ሒሳብ ባይደረግ ይሻላል። ከፋብሪካው ልክ የሚበልጥ ጎማ ከታሰረም ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ከሄዱበት አሳንሶ ይቆጥራል። መኪናዋ ምንም ሳትጨምር የጨመረች ትመስላለች።

ልኬቱ ትክክል ከሆነ ወደ ፍሬን ነው የምሄደው። በዚህ አውራጃ ብዙ ሾፌር ነዳጅ ይቆጥባል ብሎ ቁልቁለቱን በፎሌ ይወርዳል። ኢንጀክሽን ባላት መኪና ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ማርሽ ውስጥ ሆና እግር ከነዳጅ ሲነሳ ኢንጀክተሮቹ ይዘጋሉ፣ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። በፎሌ ግን ሞተሩ በሚኒሞ መብላቱን ይቀጥላል፣ ክብደቱም በሙሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። እስከ ወረታ ሲጋገር የወረደ ፍሬን ጥቂት ቆይቶ ፒስተኑ ይነክሳል፤ ሸራው ሳይለቅ እየታከከ ይሄዳል። ሾፌሩ ሊያተርፍ ያሰበውን ናፍጣ በየሜዳው ይከፍላል ማለት ነው፤ አደጋውን ሳንቆጥር። መፈተኛው ጊዜ ከቁልቁለት እንደወረዱ ወዲያው አይደለም፣ ያኔ ሁሉም ቸርኬ ይግላል። ከወረታ ወደ ሐሙሲት ባለው ሜዳ ላይ ፍሬን ሳይበዛ ጥቂት ነድቶ፣ ቀስ ብሎ አቁሞ እጅን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ ማስጠጋት ነው። አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ ከጋለ ጥፋቱ እዚያ ነው።

ቀጥሎ ቴርሞስታት። ዳገት ላይ ሞተር ሲፈላ አውጥቶ መጣል የተለመደ መፍትሔ ነው፤ መፍላቱ ይቆም ይሆናል፣ ግን ሞተሩ በደብረ ታቦር ጠዋት ብርድ ረጅም መንገድ ሳይሞቅ ይሄዳል። ያልሞቀ ሞተር ነዳጅ ይጨመርለታል፣ ዘይቱም ወፍሮ ይከብደዋል። የሙቀት መለኪያው መርፌ ሁልጊዜ ከታች የሚቀር ከሆነ መካኒኩ ቀድሞ ምን እንዳወጣ መጠየቅ ነው።

የአየር ፊልትሮ ከስሙ ያነሰ ተጠያቂ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ2009 የወጣ የላቦራቶሪ ፍተሻ እንዳሳየው፣ ዘመናዊ ኢንጀክሽን ባላቸው የቤንዚን መኪኖች ላይ የተደፈነ ፊልትሮ ጉልበት ይቀንሳል እንጂ ፍጆታ እምብዛም አይጨምርም። የገጠሩን አቧራ የጠጣ የድሮ ናፍጣ መኪና ግን ሌላ ነው፤ ፖምፓው አየሩ ቢያንስም ናፍጣውን አይቀንስም፣ ትርፉ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ደብረ ታቦር ዳገት ላይ ማጨሱ ብቻውን ብዙ አያስደነግጥም። ፊልትሮው ተቀይሮም ባዶውን በፎገራ ሜዳ ሲሄድ ማጨሱን ካልተወ ግን፣ ውድ ቢሆንም ፖምፓና ኢንጀክተር የሚያስተካክል ባለሙያ ጋ መሄድ ነው።