አሮጌ ነፍጥና አዲስ ጥይት

ነፍጥ በወግ ከተጠበቀ ብረቱ ብዙ ዘመን ይቈያል፤ ቀድሞ የሚያረጀው ጥይቱ ነው። ስለዚህ መንግሥታት ግምጃ ቤት የሞላውን ነፍጥ ከመጣል ይልቅ ለአዲስ ጥይት ማስማማትን ብዙ ጊዜ መርጠዋል።

ስማቸው በኢትዮጵያ የታወቀው ስናድርና ውጅግራ ለዚህ ምስክሮች ናቸው። የእንግሊዝ ጦር በአፈሙዙ ይጐረስ የነበረውን ነፍጥ በ1866 በአውሮፓ አቈጣጠር ኋላውን አስቈርጦ ክዳን አበጀለትና ቀለህ ያለው ጥይት እንዲጐርስ አደረገው፤ ስናድር የተባለው ይህ ነው። በሚያዝያ 1860 ዓመተ ምሕረት ወደ መቅደላ የዘመተው ጦርም ይህንኑ ይዞ ነበር። ፈረንሳዮችም በወረቀት የተጠቀለለ ጥይት ይተኩስ የነበረውን ሻስፖ ከ1874 በአውሮፓ አቈጣጠር ጀምሮ ለናስ ቀለህ ለወጡት፤ ውጅግራ የሚለው ስም ፉዚ ግራ ከሚለው ከፈረንሳይኛው የመጣ ነው።

እነዚህ ሁለቱ ለውጦች ከጥቁር ባሩድ አልወጡም። የኢጣልያ ቬተርሊ ግን እንዲህ አልነበረም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ነፍጥ ስላነሰ፣ አፉ 10.4 ሚሊሜትር የነበረው ቬተርሊ በውስጡ ቀጭን ቱቦ ገብቶበት 6.5 ሚሊሜትር ጥይት እንዲተኩስ ተደረገ። ጥይቱ በልኩ ገባ፤ ነገር ግን ጢስ የሌለው ባሩድ ግፊቱ ከጥቁሩ እጅግ ይበልጣል፤ መዝጊያውም ለዚያ ኀይል የተሠራ አልነበረም።

እንግዲህ የነፍጥ ልክ የአፉ ስፋት ብቻ አይደለም። ጥይት ስለ ገባለት ብቻ አሮጌ ነፍጥ የሚተኩስ ሰው ዓይኑንና እጁን ለአደጋ ይሰጣል፤ አስቀድሞ ብረቱን ለዐዋቂ ማስመርመር ይገባል።