ሦስቱን መርፌ ጨርሰዋል፤ ክትባቱስ ሠርቶልዎታል?

«ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» የሚለውን ምክር በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ተጽፎ ሳያዩት አይቀሩም። መከተብ ከጥንቃቄዎች ሁሉ ዋነኛው ነው። ይሁን እንጂ ኤች አይ ቪ በደማቸው ውስጥ ላለባቸው ሰዎች መርፌውን ተወግቶ መጨረስ ብቻውን በቂ የማይሆንበት ጊዜ አለ።

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ አንዲት እናት እናስብ። ዕድሜዋ 34 ዓመት ነው። ኤች አይ ቪ በደሟ ውስጥ መኖሩን ካወቀች ቆይታለች፤ መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ስለምትወስድ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ ሆኗል። ባለቤቷ ኤች አይ ቪ የለበትም። ሁለተኛ ልጅ ለመውለድ ተመካክረው ሳለ ባለቤቷ ደም ለመለገስ ሄዶ ሄፓታይተስ ቢ የተባለው የጉበት ቫይረስ እንዳለበት ተነገረው። እሷም ወዲያው ተመረመረች፤ ቫይረሱ አልተገኘባትም። ከዚያም ሦስቱን የክትባት መርፌዎች በስድስት ወር ውስጥ ተወግታ ጨረሰች። ጎረቤቷ ይህን ሰምታ «ታዲያ ተከትበሽ የለም ወይ? ከእንግዲህ ኮንዶሙን ተዉትና ልጃችሁን ውለዱ» አለቻት።

ጎረቤቷ በቅን ልብ ተናግራለች። ምክሯ ግን ትክክል ነውን? ለመመለስ ጥቂት ነገሮችን አስቀድመን እንይ።

ሄፓታይተስ ቢ ምን ያደርጋል?

ሄፓታይተስ ቢ ጉበትን የሚያጠቃ ቫይረስ ነው። ዓይን ቢጫ ሲሆን በተለምዶ «የወፍ በሽታ» እንላለን፤ ነገር ግን ቫይረሱ ያለባቸው አብዛኞቹ ሰዎች ዓይናቸው ቢጫ ሳይሆን፣ ሕመምም ሳይሰማቸው ለብዙ ዓመታት ይኖራሉ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ጉበት ቀስ በቀስ ሊጠጥር ወይም ካንሰር ሊይዘው ይችላል። የተለያዩ ጥናቶችን አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ግምገማ በኢትዮጵያ ከ100 ሰዎች በ7 ያህሉ ላይ ቫይረሱ መገኘቱን ያመለክታል።

ቫይረሱ የሚተላለፈው በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ነው። በአንድ ምላጭ መጠቀም፣ ባልተቀቀለ መሣሪያ መነቀስ ወይም እንጥል ማስቆረጥ ለዚሁ አደጋ ያጋልጣል። ከአንድ ማዕድ መብላት ወይም መጨባበጥ ግን አያስተላልፍም።

ጤናማ የሆነ አዋቂ ሰው ቫይረሱ ቢይዘው ብዙውን ጊዜ ሰውነቱ ራሱ ተከላክሎ ያስወግደዋል። ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው ግን ቫይረሱ አብሮት የመቅረት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው፤ ጉበቱም ቶሎ ይጎዳል። እንግዲህ ክትባቱ ይበልጥ የሚያስፈልገው ለእርሱ ሆኖ ሳለ፣ ክትባቱ ደካማ የሚሆነውም በእርሱ ላይ ነው።

ለምን ደካማ ይሆናል?

በመርፌው ውስጥ ሕይወት ያለው ቫይረስ የለም። ያለው የቫይረሱ የውጭ ሽፋን ቅንጣት ብቻ ነው። በመሆኑም በሽታውን አያሲዝም፤ ለነፍሰ ጡርም ሊሰጥ ይችላል። ሰውነታችን ይህን ቅንጣት ሲያይ እንደ ጠላት ይቆጥረውና የመከላከያ ንጥረ ነገር ይሠራል። እውነተኛው ቫይረስ አንድ ቀን ሲመጣ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል።

ይህን ሥራ የሚያስተባብሩት ሲዲ-4 የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ናቸው። እነርሱን እንደ ጦር አዛዦች፣ መከላከያውን የሚሠሩትን ሴሎች ደግሞ እንደ ወታደሮች ይቁጠሯቸው። ኤች አይ ቪ የሚያጠቃው አዛዦቹን ነው። አዛዦቹ ሲመናመኑ ትእዛዙ ለወታደሮቹ በአግባቡ አይደርስም፤ መርፌው ቢወጋም ሰውነት ላይነቃ ይችላል። ከጤናማ ወጣቶች መካከል ከ100 ከ90 በላይ የሚሆኑት ከሦስት መርፌ በኋላ በቂ መከላከያ ያገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ የፈረንሳይ ጥናት ግን የተለመደውን ሦስት መርፌ ከወሰዱ ኤች አይ ቪ ያለባቸው ሰዎች መካከል በቂ መከላከያ ያገኙት ከ100 65 ያህሉ ብቻ ነበሩ።

ውጤቱን አስቀድሞ መገመት ይቻላልን?

በመጠኑ ይቻላል። ሐኪሞች የሚከተሉትን ይመለከታሉ፦

- የሲዲ-4 ቁጥር፦ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ክትባቱ የመሥራት ዕድሉ ይጨምራል። ከ200 በታች ሲሆን ዕድሉ በጣም ይቀንሳል። ቀደም ሲል እጅግ ዝቅ ብሎ የነበረ ከሆነም፣ ዛሬ ቢያገግምም እንኳ ያለፈው ጉዳት ተጽዕኖ ሊኖረው ይችላል።
- በደም ውስጥ ያለው የኤች አይ ቪ መጠን፦ መድኃኒት በአግባቡ ወስደው ቫይረሱ የማይታይ የሆነላቸው ሰዎች የተሻለ ውጤት ያገኛሉ።
- ዕድሜና ጾታ፦ ወጣቶች ከዕድሜ ባለጸጎች፣ ሴቶችም ከወንዶች በአብዛኛው የተሻለ መከላከያ ይሠራሉ።
- ሌሎች ሁኔታዎች፦ ሲጋራ ማጨስ፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት፣ የስኳር በሽታና የኩላሊት ሕመም የክትባቱን ኃይል ይቀንሳሉ።

ለምሳሌ ያህል፣ ያቺ እናት ገና ወጣት ናት፤ አታጨስም፤ ቫይረሱም የማይታይ ሆኗል። በአንጻሩ ዕድሜው 56 የሆነ፣ የሚያጨስ፣ ሲዲ-4ቱ 150 የሆነ ሰው እናስብ። ገምቱ ብንባል ክትባቱ የሚሠራው ለእሷ ነው እንላለን።

ግምት ግን ምርመራን አይተካም። ግምት ስለ ብዙ ሰዎች የሚነግረን ነው፤ ስለ እርስዎ ስለ አንዷ ወይም ስለ አንዱ እርግጠኛውን አይነግረንም። ጥሩ ዕድል ካላቸው መካከል መከላከያ ያልሠሩ አሉ፤ ተስፋ ካልተጣለባቸው መካከልም የሠሩ አሉ። የግምቱ ጥቅም ማን ይበልጥ ክትትል እንደሚያስፈልገው ማሳየቱ ነው።

እርግጡን የሚነግረን ምርመራ

እርግጡ የሚታወቀው በደም ምርመራ ነው። የመጨረሻውን መርፌ ከወሰዱ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ በደምዎ ያለው መከላከያ ይለካል። ውጤቱ በአንድ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ዩኒት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ክትባቱ ሠርቷል ማለት ነው። ከዚያ በታች ከሆነ እንደተጠበቁ አይቁጠሩት።

እዚህ ላይ ሁለት ስሕተቶች ይዘወተራሉ። አንደኛው «ሲዲ-4 ከፍ እስኪልልኝ ልጠብቅ» ብሎ ክትባቱን ማዘግየት ነው። በመጠበቅ ላይ እያሉ ቫይረሱ ሊይዝዎ ስለሚችል፣ ጊዜውን የሚወስነው ሐኪምዎ ይሁን። ሁለተኛው አንድ ቀጠሮ ሲያልፍ «ከንቱ ሆነ» ብሎ መተው ነው። ቀጠሮ ቢያልፍዎ ካቆሙበት ይቀጥላሉ እንጂ ከመጀመሪያው አይጀምሩም።

ካልሠራስ?

ካልሠራ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፤ ተስፋም አያስቆርጥም። በመጀመሪያ ቫይረሱ ቀድሞውኑ በደምዎ ውስጥ አለመኖሩ ይጣራል። ከዚያ ክትባቱ ይደገማል፤ መጠኑ እጥፍ ሊደረግም ይችላል። ከላይ በጠቀስነው የፈረንሳይ ጥናት እጥፍ መጠን ያለው መርፌ አራት ጊዜ ከተሰጣቸው ሰዎች መካከል ከ100 82 ያህሉ መከላከያ አግኝተዋል።

ሰውነትን ይበልጥ የሚያነቃ ንጥረ ነገር የተጨመረበት ሄፕሊሳቭ ቢ የተባለ ክትባትም አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ የታተመ ጥናት ኤች አይ ቪ ኖሮባቸው የቀድሞው ክትባት ያልሠራላቸውን ሰዎች ተመልክቷል። አዲሱን ሦስት ጊዜ ከወሰዱት መካከል ከ100 99 ያህሉ መከላከያ አገኙ። የተለመደውን ክትባት ደግመው ከወሰዱትም ከ100 81 ያህሉ ተሳክቶላቸዋል። አዲሱ ክትባት በሁሉም አገር አይገኝም፤ ይሁን እንጂ የተለመደውንም መድገም ዋጋ እንዳለው ከዚህ እንረዳለን።

ከኤች አይ ቪ መድኃኒቶች መካከል ቴኖፎቪርና ላሚቩዲን በሄፓታይተስ ቢ ላይም ይሠራሉ። ሁለቱም ቫይረሶች ያሉበት ሰው እነዚህን በድንገት ቢያቋርጥ ጉበቱ በብርቱ ሊታመም ይችላል። ስለዚህ መድኃኒትዎን በራስዎ ፈቃድ አያቋርጡ፤ ሲቀየርልዎም ስለ ጉበትዎ ይጠይቁ።

ወደዚያች እናት እንመለስ

የጎረቤቷ ምክር አንድ ነገር ጎድሎታል፤ ምርመራው አልተደረገም። ያቺ እናት ከሦስተኛው መርፌ በኋላ ከአንድ ወር በላይ ጠብቃ ደሟን ታስለካ። ውጤቱ 10 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ከባለቤቷ የሚመጣው ሄፓታይተስ ቢ አያሰጋትም። የእሷም ኤች አይ ቪ የማይታይ ሆኖ እስከቆየ ድረስ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለእርሱ አይተላለፍም። ያን ጊዜ ከሐኪማቸው ጋር ተመካክረው ልጃቸውን ያስቡ። ውጤቱ ከ10 በታች ከሆነ ግን በኮንዶም መጠቀሙን ይቀጥሉ፤ ክትባቱም ይደገምላት። ኪኒን፣ መርፌ፣ በክንድ የሚቀበረው ወይም ሉፕ እርግዝናን ይከላከላሉ እንጂ ቫይረስን አይከላከሉም። ባለቤቷም የጉበቱን ክትትል አይርሳ።

ለሚወለደው ልጅም ክትባት አለው። በአገራችን ከእ.ኤ.አ. 2007 ጀምሮ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ሕፃናት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንታቸው ከሚወስዱት መርፌ ጋር ተጣምሮ ይሰጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ የመጀመሪያው ክትባት በተወለዱ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲሰጥ ይመክራል፤ ለመውለድ ሲሄዱ ይህን ይጠይቁ።

ውድ አንባቢያችን፣ ዛሬ ለምርመራ ወይም ለምክር ወደ ክሊኒካችን መጥተው ከሆነ፣ ከመሄድዎ በፊት ሲስተሯን እነዚህን ሦስት ነገሮች ይጠይቋት፦ ሄፓታይተስ ቢ ተመርምሬአለሁ? ክትባቱን የት አገኛለሁ፣ ዋጋውስ ስንት ነው? ከተከተብኩስ መሥራቱን የምመረመረው መቼ ነው? ጥያቄውም መልሱም በእርስዎና በባለሙያዋ መካከል በምስጢር ይቆያል።