የመንገደኛ ስንቅ ለብስክሌተኛ፤ በቆቦና በራያ ቆላ

ቆቦ ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ፥ ከወልድያ በስተ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የራያ ቆላ ከተማ ናት። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 1470 ሜትር ገደማ ሲሆን፥ በምሥራቅ የዞብል ተራራ፥ በምዕራብ ደግሞ የላስታ ደጋ ይጋርዷታል። በመካከል የተዘረጋው ሜዳ ደልዳላ ስለ ሆነ ለብስክሌት እጅግ የተመቸ ነው፤ ሙቀቱ ግን ጽኑ ነው።

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ በዚህ አገር በብስክሌት ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው፥ ኪሱን ሳይጎዳ ጉልበቱን የሚያቆይለት ስንቅ የትኛው እንደ ሆነ መመርመር ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ ለመንገደኛ የሚበጅ ስንቅ ሁሉ ለብስክሌተኛም ይበጃል ብሎ ማሰብ ምን ያህል እንደሚያሳስት እኔው ራሴ ደርሶብኝ አይቼዋለሁ።

በጥቅምት ወር፥ ማሽላው በሚያሽትበት ጊዜ፥ ከወልድያ ወደ ቆቦ ለመሄድ ጧት ሻይ ብቻ ጠጥቼ ተነሣሁ። በኪሴ የያዝኩት ሁለት ጭብጥ የገብስ ቆሎ ነበር። ቁልቁለቱን ወርጄ አላውሃን እስክሻገር ድረስ ድካም የሚባል ነገር አልተሰማኝም። ጎብዬን አልፌ ሮቢት ሳልደርስ ግን ጉልበቴ በድንገት ከዳኝ፤ ዓይኔ ብዥ አለ፥ እጄ ተንቀጠቀጠ፥ ቀዝቃዛ ላብ አጠመቀኝ። ቆሎውን ቃም ባደርግ አፌ ደርቆ ስለ ነበር አልዋጥ አለኝ። በመንገዱ ዳር ከማሽላቸው ላይ ወፍ ይጠብቁ የነበሩ አንዲት ባልቴት አይተውኝ፥ «ምነው ልጄ፥ ምን ነካህ?» አሉኝ። «ደከመኝ፥ እማማ» አልኳቸው። «በባዶ ሆድህ ይህን ብረት ስትገፋ ውለህ ባይደክምህ ነበር የሚገርመኝ» ብለው ሁለት አገዳ ጥንቅሽ ሰብረው ሰጡኝ። ጥላ ሥር ተቀምጬ እየላጥኩ መጠጥኩ። ሩብ ሰዓት ያህል እንደ ቆየሁ ዓይኔ ተገለጠ፤ ቆቦም በደኅና ገባሁ።

የደረሰብኝን ነገር በሥነ ሕይወት መንገድ ማስረዳት ይቻላል። የሰው አካል ከሚበላው ስታርችና ስኳር የተረፈውን ግላይኮጅን በሚባል መልክ በጡንቻና በጉበት ያከማቻል። የአንድ ጎልማሳ ክምችት በጠቅላላው ከ400 እስከ 500 ግራም ያህል ነው፤ ይህም ከ1600 እስከ 2000 ኪሎ ካሎሪ ይሆናል። ጠንክሮ ለሚነዳ ሰው ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ቢያገለግለው ነው። ሌሊቱን ሳይበላ ያደረ ሰው ደግሞ የጉበቱ ክምችት ጎድሎ ስለሚነጋ ከዚያም ያንሰዋል። በሰውነት ውስጥ ያለው ስብ ብዙ ቢሆንም ወደ ጉልበት የሚለወጠው በዝግታ ነው። ስለዚህ በደም ውስጥ ያለው ስኳር ሲወርድ አንጎል አስቀድሞ ይጎዳል፤ የዓይን መጨለምና የእጅ መንቀጥቀጥ የሚመጣውም ከዚህ የተነሣ ነው።

ከአንድ ሰዓት በላይ ለሚነዳ ሰው በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት መውሰድ እንደሚገባ የስፖርት ምግብ ሊቃውንት ይስማማሉ። መንገዱ ከሁለት ሰዓት ተኩል የሚበልጥ ከሆነ እስከ 90 ግራም ሊደርስ ይችላል፤ ይህ የሚሆነው ግን ግሉኮስና ፍሩክቶስ ተቀላቅለው ሲወሰዱ ነው፤ ሁለቱ ከአንጀት ወደ ደም የሚገቡት በተለያየ በር ነውና። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲያስታውሰው እለምናለሁ፤ ወደ ጥንቅሹ ስንመለስ ያስፈልገናል።

አሁን ወደ ስንቁ እንምጣ። የቀድሞው መንገደኛ በእግሩ ወይም በበቅሎ የሚሄድ ነበር። እርምጃው ዝግ ያለ ነው፤ ፀሐይ ሲበረታ ጥላ ፈልጎ ያርፋል፥ ውሃ ካለበት ወርዶ ይጠጣል። ለእርሱ የሚያስፈልገው የማይበላሽ፥ ቀላልና እሳት የማይሻ ምግብ ነው። ቆሎ ይህን ሁሉ ያሟላል። ብስክሌተኛው ግን እየተነፈሰ ነው የሚያኝከው። ቆሎ ብዙ ማላመጥ ይጠይቃል፤ ምራቅ ይፈልጋል፤ በሚያለከልክ ሰው ጉሮሮም ሊሰነቀር ይችላል። በዚያ ላይ የገብስ ቆሎ ገለባነት ያለው አሠር ስለሚበዛበት በሆድ ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ ቆሎ ዋጋው ርካሽ፥ ጥቅሙም የታወቀ ቢሆን፥ ቦታው የዕረፍት ጊዜ ነው እንጂ ኮርቻ ላይ አይደለም። ሽምብራ የተቀላቀለበት ቆሎ ፕሮቲን ስላለው ማታ ከጉዞ በኋላ ቢበላ መልካም ነው።

ዳቦ ቆሎ ከዚህ ይሻላል፤ ከስንዴ ዱቄት የሚሠራ ስለ ሆነ ቶሎ ይሰባበራል። በርበሬ የበዛበትን ግን ለቆላ መንገድ አልመክርም፤ ጥማቱ ያስቀጣል። ለውዝ ደግሞ ብዙ ሰው ጉልበት ይሰጣል ብሎ ይገዛዋል። በእርግጥ ካሎሪው ብዙ ነው፤ ነገር ግን ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ዘይት ስለ ሆነ ጉልበቱ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ቅቤ ገብቶበት የሚታሸው ጭኮም እንደዚሁ ነው፤ ሳይነዱ በፊት በሌሊት ቢበላ ቀኑን ይዞ ይውላል፥ በሽቅብ መንገድ መካከል ቢበላ ግን ሆድ ያከብዳል።

በእኔ አስተያየት ከሁሉ የሚበልጠው በሶ ነው። በሶን ፊደል ከቆጠርንበት ጊዜ ጀምሮ ስለምናውቀው ሳንንቀው አልቀረንም። ገብሱ ከመፈጨቱ በፊት የተቆላ ስለ ሆነ እሳት አይፈልግም፤ ዱቄቱ በደረቅ ከረጢት ቢያዝ በቆላ ሙቀት እንኳ ብዙ ቀን ይቆያል፤ ከክብደቱም ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ካርቦሃይድሬት ነው። ገብስ የቆላ እህል ስላልሆነ ቆቦ ገበያ የሚደርሰው ከደጋው ነው፤ ቢሆንም ከፋብሪካ ብስኩት ጋር ሲነጻጸር ለተማሪ የሚቀመስ ዋጋ አለው። ዋጋው ከገበያ ገበያ፥ ከክረምት ክረምት ስለሚለያይ በብር አልተመንኩትም።

አበጣጠሩ ላይ ጥቂት ልቆይ። ለአንድ ሰዓት መንገድ 40 ግራም ያህል በሶ፥ ይኸውም አንድ ደኅና ጭብጥ፥ ከሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር ጋር በሦስት ሩብ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል። በሶው 27 ግራም፥ ስኳሩ 25 ግራም ያህል ስለሚሰጥ ድምሩ ከ50 ግራም ይበልጣል። ማር የተገኘ እንደ ሆነ በስኳሩ ፈንታ ይገባል። ጨው መርሳት አይገባም፤ በቆላ ሙቀት የሚነዳ ሰው በሰዓት አንድ ሊትርና ከዚያም በላይ ላብ ሊያወጣ ይችላል፥ ከላቡም ጋር ሶዲየም ይወጣል። ለአንድ ሊትር ከሻይ ማንኪያ ሩብ ያህል ጨው ይበቃል። ቀጭን መሆን አለበት፤ እንደ ቤቱ በሶ የወፈረ ከሆነ በኮዳው አፍ አይወርድም፥ ጥማትም አይቆርጥም። በሶ ስለሚዘቅጥ ከመጠጣት በፊት ኮዳውን መናጥ ያስፈልጋል። ሌላው ማስጠንቀቂያ፥ በጧት በጥብጦ እስከ ማታ መያዝ አይገባም፤ በራያ ፀሐይ ቶሎ ይኮመጥጣልና። ዱቄቱን፥ ስኳሩንና ጨውን ለየሰዓቱ በትንንሽ ላስቲክ አስሮ ይዞ፥ ውሃ በተገኘበት መበጥበጥ ይሻላል። ይህ ስንቅ ለጾም ቀንም ይሆናል፤ በረመዳን የሚጾም ብስክሌተኛ ደግሞ ለሱሑር ወፈር አድርጎ ቢጠጣው ጧት ላይ ለመንዳት ይረዳዋል።

ወደ ጥንቅሽ እንመለስ። ጥንቅሽ ከማሽላ ወገን ሆኖ ለፍሬው ሳይሆን ለአገዳው የሚወደድ ነው። በበሰለ ጊዜ ከጭማቂው ውስጥ ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆነው ስኳር ነው፤ ስኳሩም ሱክሮስ ብቻ ሳይሆን ግሉኮስና ፍሩክቶስም አብረው ያሉበት ነው። እንግዲህ ባልቴቷ የሰጡኝ ነገር ስኳሩንም ውሃውንም በአንድ አገዳ የያዘ፥ ከላይ በሁለት በር ይገባል ያልነው ቅልቅል ነበር። ጉድለቱ ሁለት ነው፤ አንደኛ ወቅቱ አጭር ነው፥ ሁለተኛ እየነዱ መላጥ አይቻልም። ቸኩሎ በጥርሱ የሚልጥ ሰው ከንፈሩን ይቆርጠዋል። ከብስክሌቱ ኋላ ሁለት ሦስት አገዳ አስሮ፥ ወርዶ መምጠጥ ነው።

የወሎ ማሽላ ነገር ከተነሣ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ቅር ይለኛል። በ1973 እ.ኤ.አ. ሲንግና አክስቴል የተባሉ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከወሎ በተገኙ ሁለት የማሽላ ዓይነቶች ውስጥ ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ከሌላው ማሽላ እጅግ የበለጠ መሆኑን አስታወቁ። ገበሬው ግን አስቀድሞ ያውቃቸው ኖሯል፤ «ወተት በጉንጬ» የሚል ስም የወጣለት ማሽላ ከዚህ ወገን ነው። እሸቱ ተጠብሶ ሲበላ ጣፋጭና ለስላሳ ነው። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ጣፋጭነቱና አለመድረቁ ነው፤ የተጠበሰ የማሽላ እሸት በመንገድ ዳር ለሚያርፍ ብስክሌተኛ ከደረቅ ቆሎ ይልቅ ይስማማዋል።

አንዳንድ ጓደኞቼ ይህን ሁሉ ሲሰሙ፥ «የእውነተኛ ብስክሌተኛ ምግብ እኮ በፋብሪካ የተዘጋጀው ጄል ነው» ይላሉ። በ2008 ዓ.ም. የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረው ጽጋቡ ግርማይ ምግቡን በመኪና የሚያቀብለው ቡድን ነበረው። እንዲህ ያለ ቡድን የሌለን እኛ ግን ልንደነግጥ አይገባም። በ2012 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በአፓላቺያን ስቴት ዩኒቨርሲቲ በተደረገ ጥናት ብስክሌተኞች 75 ኪሎ ሜትር ሲነዱ በየ15 ደቂቃው ሙዝ የበሉትና የስፖርት መጠጥ የጠጡት ፍጥነታቸው አልተለያየም። 75 ኪሎ ሜትር ከወልድያ እስከ አላማጣ ካለው መንገድ ጋር የሚቀራረብ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የተፈጨ ድንች ከጄል ጋር ተወዳድሮ እኩል ወጥቷል፤ ድንች የበሉት ግን ሆዳቸውን ትንሽ እንደ ነፋቸው ተናግረዋል። ለእኛም ሙዝ ከገበያ፥ ድንች ከደጋ ይገኛል። ቴምርም አለ፤ ከክብደቱ ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆነው ስኳር ነው፥ ፍሬውም በአፍ ውስጥ ይዞ ለመንዳት የተመቸ ነው።

የስንቁ ነገር በእውነት የሚፈተነው ከሜዳው መጨረሻ ነው። ከቆቦ እስከ አላማጣ ያለው ከሃያ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ሜዳ ነው። ከአላማጣ በግራ ካሕሱ በኩል ወደ ኮረም ለመውጣት ግን 1000 ሜትር ያህል ሽቅብ አለ። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 15 ኪሎ ብስክሌትና ጓዝ ይዞ ይህን ቢወጣ፥ ክብደቱን ለማንሣት ብቻ 735 ኪሎ ጁል ሥራ ይሠራል። ጡንቻ ከሚያቃጥለው ውስጥ ወደ ሥራ የሚለውጠው ሩቡን ያህል ሲሆን የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ የሚያስፈልገው 2940 ኪሎ ጁል፥ ይኸውም 700 ኪሎ ካሎሪ ያህል ነው፤ በስኳር ቢመነዘር 175 ግራም መሆኑ ነው። ሽቅቡ ለመካከለኛ ነጂ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል እንበል። በየሰዓቱ 60 ግራም ቢወስድ 120 ግራም ያገኛል፤ የቀረውን ከክምችቱ ማውጣት አለበት።

ብዙ ነጂ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሜዳው ስለማያደክመው ከቆቦ እስከ አላማጣ ምንም ሳይቀምስ ይሄዳል፤ ክምችቱን በሜዳው ጨርሶ አቀበቱ ሥር ሲደርስ መብላት ይጀምራል። ስለዚህ የመጀመሪያው የበሶ ኮዳ መከፈት ያለበት ቆቦ ላይ፥ ረኀብም ጥማትም ገና ሳይሰማ ነው፤ ሁለተኛው አላማጣ ላይ ይበጠበጣል። ሙዙና ቴምሩ ለጠመዝማዛው አቀበት ይቆያሉ። ኪስ ውስጥ ያለው ቆሎ ኮረም ገብተው ልብስ ከለወጡ በኋላ ከሻይ ጋር ይበላል።