ከዘራው በየትኛው እጅ ይያዝ? የዳሌና የጉልበት ሚዛን

በአራዳ ጊዮርጊስ ዙሪያም ሆነ ከፒያሳ ወደ ለገሃር በሚወርደው የቸርችል ጎዳና፣ ከዘራ ተመርኩዘው የሚያዘግሙ አረጋውያንን ማየት የተለመደ ነው። ለመሆኑ አንዱን ዳሌውን የሚያመው ሰው ከዘራውን በየትኛው እጁ ሊይዝ ይገባል? ብዙዎቻችን «በሚያመው በኩል ነዋ» ብለን እንመልስ ይሆናል። የሜካኒክስ ሕግ የሚመሰክረው ግን የዚህን ተቃራኒ ነው። ምክንያቱን ለመረዳት አስቀድመን የአረማመዳችንን ሥርዓት እንመልከት።

መራመድ ማለት በአንድ እግር መቆምን እያፈራረቁ ወደ ፊት መሄድ ነው። አንደኛው እግር ከመሬት በተነሳ ቁጥር መላው የሰውነት ክብደት በሌላው ላይ ይወድቃል። የዳሌ መገጣጠሚያ የሚገኘው ከሰውነታችን መካከል ሳይሆን ወደ ጎን ፈንጠር ብሎ በመሆኑ፣ ክብደቱ ዳሌን ወደ ተነሳው እግር በኩል ሊያዘነብለው ይሞክራል። ይህን የሚከላከሉት ከዳሌ አጥንት ውጫዊ ጎን ተነስተው ከጭን አጥንት አናት ጋር የሚያያዙት ጡንቻዎች ናቸው። እንግዲህ መገጣጠሚያው የሚዛን መደገፊያ ነው፤ በአንድ ወገን ክብደት፣ በሌላው ወገን ጡንቻ ይስባሉ።

60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው በምሳሌነት እንውሰድ። የቆመበት እግር ክብደት ሲቀነስ፣ በመገጣጠሚያው ላይ የሚቀረው 500 ኒውተን ያህል ሲሆን ከመገጣጠሚያው 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይርቃል። ጡንቻው ግን የሚስበው ከ5 ሴንቲ ሜትር ርቀት በመሆኑ እጥፉን፣ ማለትም 1000 ኒውተን ማውጣት ይኖርበታል። በመሆኑም በመገጣጠሚያው ላይ የሚያርፈው ድምር 1500 ኒውተን፣ የሰውየው ክብደት ሁለት ተኩል እጥፍ ይሆናል። በሰው ሠራሽ የዳሌ መገጣጠሚያ ውስጥ በተገጠሙ መሣሪያዎች የተለካው ኃይልም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ጉልበትም የዚሁ ሥርዓት ተካፋይ ነው። የሰው የጭን አጥንት ከዳሌ ወደ ጉልበት ሲወርድ ወደ ውስጥ ስለሚያዘነብል፣ እግራችን ከሰውነታችን ክብደት ሥር ተጠግቶ ያርፋል። የቺምፓንዚ የጭን አጥንት ግን ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ፣ በሁለት እግሩ ሲሄድ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። ይህን ልዩነት ለማጤን ከፒያሳ ብዙም መራቅ አያሻም። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘችውና አምስት ኪሎ በሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም የምትጠበቀው ድንቅነሽ (ሉሲ)፣ ወደ ውስጥ ያዘነበለ የጭን አጥንት፣ እንዲሁም አጭርና ሰፊ የዳሌ አጥንት አላት። ዶናልድ ጆሃንሰን በ1966 ዓ.ም. እዚያው ሐዳር ያገኘው የጉልበት መገጣጠሚያም ይህንኑ ያረጋግጣል። አንጎሏ ከቺምፓንዚ እምብዛም ያልበለጠው ድንቅነሽ፣ ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ይህን ሚዛን ይዛ ትራመድ ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ከዘራው እንመለስ። በምሳሌ የጠቀስነው ሰው ከዘራውን በጤናማው ወገን ይዞ መሬትን በ50 ኒውተን ቢጫን፣ ከዘራው ከታመመው መገጣጠሚያ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚርቅ የጡንቻው ድርሻ ወደ 600፣ የመገጣጠሚያው ሸክም ደግሞ ወደ 1050 ኒውተን ይወርዳል። 50 ኒውተን 450 ኒውተንን አቃለለ! በሚያመው በኩል ሲያዝ ግን ከዘራው የክብደቱን ሳይሆን የጡንቻውን ሥራ ይቃወማል፤ ሰውየው ሰውነቱን ወደ ከዘራው ካላዘነበለ በስተቀር ሸክሙ ይብሳል።

ስለዚህ ከዘራው በጤናማው ወገን ይያዝ፤ ከታመመው እግር ጋር አብሮ ይሰንዘር፤ ርዝመቱም እጅ ቁልቁል ሲንጠለጠል እስከ አንጓው የሚደርስ ይሁን። እንደ ቸርችል ጎዳና ያለውን ቁልቁለት ሲወርዱ የፊት ጭን ጡንቻ እንደ ፍሬን ሆኖ ጉልበትን ስለሚጫን እርምጃን ማሳጠር ይጠቅማል። ሕመሙ ከጸና ሐኪም ዘንድ መቅረብ ግድ ነው፤ እስከዚያው ግን ከዘራውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ማዛወር ምንም ወጪ አይጠይቅም።