የቤት ቀለም ቀቢ መሣሪያዎች ስያሜ፦ «መቀቢያ» ብቻውን ለምን አይበቃም?

የሙያ ቃላትን የማዘጋጀት ጉዳይ ሲነሣ ሐሳብ ቶሎ የሚሮጠው ወደ ሕክምና፣ ወደ ሕግና ወደ ምሕንድስና ነው። የእጅ ሙያ ቃላት ግን በየገበያው ሲነገሩ ስለሚሰሙ ያለቀላቸው መስለው ይታለፋሉ። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው የቤት ቀለም ቀቢን መሣሪያዎች ስም ነው። የሥልጠና መጽሐፍ ከእንግሊዝኛ የሚመልስ ሰው እነዚህን ስሞች በሁለት መንገድ ሊያበላሻቸው ይችላል፤ ይኸውም አንድም ለሁሉም ነገር አዲስ የአማርኛ ቃል በመፍጠር፣ አንድም የእንግሊዝኛውን ቃል እንዳለ በፊደላችን በመጻፍ ነው። ሁለቱም መንገዶች አንባቢውን ከሱቅ ደጃፍ ያስቀሩታል።

ሱቁን በሐሳባችን ኮኪት ላይ አኑረነዋል። ኮኪት በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ ከገንዳ ውሃ ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ከመተማ ዮሐንስ ማዶ ጋላባት አለ፤ ከዚያ ወዲያ የሚነገረው የሱዳን ዐረብኛ ነው። አዲስ አበባ የተዘጋጀ መጽሐፍ እዚህ ድረስ ተጉዞ፣ ወጣቱ ሠልጣኝ ያነበበውን ስም ለባለ ሱቁ ሲጠራ የሚፈልገው ዕቃ ከእጁ ከገባ ስያሜው ሠርቷል ማለት ነው። ካልገባ ግን ቃሉ የቱንም ያህል ቢያምር የመዝገብ ጌጥ ከመሆን አያልፍም።

በመጀመሪያ የባለሙያውን ስም እንመልከት። እንግሊዝኛ በአንድ ቃል የሚጠራቸውን ሁለት ሰዎች አማርኛ ለይቷቸዋል። በጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ የመላእክትን ፊት የሣለው «ሠዓሊ» ነው፤ ግድግዳ የሚያስውበው ደግሞ «ቀለም ቀቢ» ነው። ስለዚህ ተርጓሚው ዐውዱን ሳያይ አንዱን በሌላው መተካት አይገባውም። ድንበሩን ስንሻገር ሌላ እንቅፋት ይገጥመናል። በሱዳንና በግብፅ ዐረብኛ ግድግዳ ቀለም የሚቀባው ሰው «ነቃሽ» ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ ግን ነቃሽ አንገትንና ድድን በንቅሳት የሚያስጌጥ ነው። ከማዶ የመጣ ሰው «ነቃሽ እፈልጋለሁ» ቢል የቱ እንደሚላክለት መገመት አያዳግትም።

«ቀለም» ራሱ ብዙ ሸክም ያለበት ቃል ነው። ከግሪክኛው «ካላሞስ» (ሸምበቆ) ጋር የተዛመደ ሲሆን ዐረብኛው «ቀለም» ዛሬም የሚጠራው መጻፊያውን ብዕር ነው። በአማርኛ ግን ስሙ ከብዕሩ ወደ ፈሳሹ ተሻግሯል፤ ከዚያም ወደ መልክ፣ ወደ ትምህርት («የቀለም ትምህርት» እንዲሉ)፣ በግጥም ጥናትም ወደ ስንኝ መለኪያነት ደርሷል። በሙያው ጽሑፍ ውስጥ «ቀለሙን ምረጥ» የሚል ትእዛዝ ሲጻፍ መልኩ ይሁን ዕቃው አይታወቅም። በመሆኑም ለመልኩ «የቀለም ዓይነት» ከማለት ይልቅ «መልክ» ማለትን፣ «ቀለም»ን ለሚቀባው ነገር መተውን እንመርጣለን።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። አማርኛ የመሣሪያን ስም በ«መ—ያ» ቅርጽ ለመፍጠር ለጋስ ነው፤ መቁረጫ፣ መለኪያ፣ መወልወያ እያለ ይሄዳል። በዚህ መንገድ ከ«ቀባ» «መቀቢያ» ይወጣል። ችግሩ ብሩሹም፣ ሩሎውም፣ ቀለም የሚረጨው መሣሪያም መቀቢያ መሆናቸው ነው። ይህ የቃል ቅርጽ የሚነግረን የመሣሪያውን አገልግሎት እንጂ መልኩንና ዓይነቱን አይደለም። ስለዚህ ለወገኑ ጠቅላላ ስም ይበጃል፤ ለየአንዳንዱ ዕቃ ግን አይበጅም። የእኛ አስተያየት ጠቅላላውን ስም ከቋንቋው ሥር ማውጣት፣ የዓይነቱን ስም ግን ከባለሙያው አፍ መውሰድ ነው። «መቀቢያ» በመዝገቡ ላይ ርእስ ሆኖ ይቀመጥ፤ ከሥሩ «ብሩሽ» እና «ሩሎ» ይሰለፉ። «ባለ 2 ኢንች ብሩሽ» ያለ ሠልጣኝ ኮኪትም ሆነ ጎንደር ዕቃውን ያገኛል። «ጠጉራም መቀቢያ» ያለ ግን ሳቅ ይተርፈዋል።

ይህ ማለት አዲስ ቃል አያስፈልግም ማለት አይደለም። የብሩሹ ክፍሎች ስም ሲፈለግ «እጀታ» እና «ጠጉር» ዝግጁ ናቸው፤ ሁለቱን አጣምሮ የሚይዘው የቆርቆሮ ጥምጥም ግን በጽሑፍ የጸና ስም ስለሌለው «የብሩሽ ቀለበት» ብንለው ያየው ሁሉ ይረዳዋል። ረጅም ግድግዳ ለመድረስ ከሩሎው ጋር የሚገጠመው እንጨት «የሩሎ ዘንግ» ቢባል፣ በብረት በር ላይ ከሁሉ አስቀድሞ የሚቀባውም «የዝገት መከላከያ» ቢባል ይስማማል። መሰላል፣ ባልዲ፣ ጣሳና ገመድ ሐተታ አያሻቸውም።

የበለጠ ጥንቃቄ የሚያሻቸው ከጣሊያንኛ የገቡት ስሞች ናቸው። እንደ ካቻቪቴ፣ ፒንሳና ቡሎን ሁሉ ሩሎ፣ ስቱኮ፣ ስፓቱላ፣ ጀሶና አኳራጅ የዚያው ቋንቋ ቅሪቶች ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ «ስቱኮ» ለተርጓሚ ወጥመድ ነው። በጣሊያንኛም በአማርኛም ስቱኮ ቀለም ከመቀባቱ በፊት ስንጥቅ የሚደፈንበትና ግድግዳ የሚስተካከልበት ልቁጥ ነው። በእንግሊዝኛ ግን ይኸው ቃል በአብዛኛው የሚጠራው የቤት የውጭ ልስንን ነው። እንግሊዝኛውን አይቶ «ስቱኮ» ብሎ የሚጽፍ ተርጓሚ የውጭ ግድግዳ መለሰን የነበረበትን ሰው በስፓቱላ ስስ ልቁጥ ሲያስቀባ ይውላል፤ የመጀመሪያው ክረምትም ሥራውን ያጥበዋል። «ፕላስተር» የተባለውም እንዲሁ ነው፤ በእንግሊዝኛ ልስን ሲሆን በእኛ ዘንድ የሚጣበቅ ጥቅልል ነው። ስለሆነም የመስኮት ጠርዝ ቀለም እንዳይነካው የሚለጠፈውን «የወረቀት ፕላስተር»፣ ግድግዳ የሚሸፍነውን ደግሞ «ልስን» ብለን መለየት ይገባናል። የጀሶ ነገር እንኳ ቀላል ነው፤ ከእንጀራ ጋር ተቀላቀለ እየተባለ ስሙ በክፉ ስለተነሣ ግንበኛ ያልሆነውም ሁሉ ያውቀዋል።

ሌላው የሚያወዛግብ ቃል «እጅ» ነው። ቀለም ቀቢዎች «ሁለት እጅ ተቀባ» ሲሉ ሁለት ጊዜ ተደራርቦ ተቀባ ማለታቸው ነው፤ ጣሊያንኛም ለዚሁ ነገር «ማኖ» (እጅ) ይላል። ነገር ግን «እጅ» በአማርኛ የቅልቅል መጠንም ነው። «ኖራውን በሁለት እጅ ውሃ በጥብጠህ ሁለት እጅ ቀባ» የሚል መመሪያ አንድን ቃል በሁለት ፍች ይጠቀማል፤ በውል ላይ ሲሰፍር ደግሞ ባለቤቱንና ቀቢውን ሊያካስስ ይችላል። በጽሑፍ ለድርብርቡ «ቅብ» እንድንል እንመክራለን፤ «መነሻ ቅብ፣ ሁለተኛ ቅብ፣ ማጠቃለያ ቅብ» እየተባለ። «የወርቅ ቅብ» የሚለው አነጋገር ቀድሞ ስላለ ጆሮን አይጎረብጥም። «እጅ» ለመጠን ይቅር።

የቆላው ሙቀት አንድ ተጨማሪ ልዩነት እንድናደርግ ያስገድደናል። እንግሊዝኛ መድረቅንና ጠንክሮ መርጋትን በሁለት ቃላት ሲለይ ተርጓሚዎቻችን ሁለቱንም «መድረቅ» ይሏቸዋል። ፕላስቲክ ቀለም ውሃው ሲተን ይደርቃል። ኖራ ግን ውሃውን ማጣቱ ብቻ አይበቃውም፤ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ ወደ ኖራ ድንጋይነት መመለስ አለበት፤ ለዚህም እርጥበት ይፈልጋል። ኮኪት በጠራራ ፀሐይ የተቀባ ኖራ ቶሎ ይደርቃል፤ ሳይጠና ስለሚደርቅም እጅና ልብስ ያነጣል። ስለዚህ ግድግዳውን አስቀድሞ ማርጠብ፣ በማለዳ ወይም ጥላ ሲያርፍ መቀባት ያስፈልጋል። ለመጀመሪያው «መድረቅ»፣ ለሁለተኛው «መጥናት» ብንል «ከደረቀ በኋላም እስኪጠና ውሃ አርከፍክፍበት» የሚለው ትእዛዝ ትርጉም ይኖረዋል። በአንድ ቃል ከተጻፈ ግን ሠልጣኙ የተሳሳተ መስሎት ይዘለዋል።

ከሁሉ የከፋው መምታታት በ«እርሳስ» ላይ የሚደርሰው ነው። በቀለም ቀቢ ሣጥን ውስጥ መስመር ማስመሪያ እርሳስ አለ፤ በአሮጌ ቀለም ውስጥም በተለይ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ እርሳስ የተባለ ብረት ሊኖር ይችላል። ኢትዮጵያ በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ደንብ በቀለም ውስጥ የሚገኘው የዚህ ብረት መጠን ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ተወስኗል። ሆኖም ከዚያ በፊት የተቀባ በርና መስኮት ብዙ ነው። «እርሳስ ያለበትን ቀለም በደረቁ አትፈግፍግ» ተብሎ ቢጻፍ አንባቢው የእርሳስ ጭረት ያለበት ግድግዳ ሊመስለው ይችላል። አቧራውን የሚተነፍሰው እርሱና በቤቱ የሚድኹት ልጆች ናቸው። እዚህ ላይ ስለ ቃል ቁጥብነት ማሰብ አያስፈልግም፤ «እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት» ተብሎ በሙሉ ይጻፍ። መፈግፈጊያውም ቢሆን «የብርጭቆ ወረቀት» የሚለውን ስሙን ይያዝ። ዛሬ በላዩ የሚነሰነሰው ብርጭቆ አለመሆኑ ስሙን ለመለወጥ ምክንያት አይሆንም።

በመጨረሻ፣ ቀለም እንዳይንጠባጠብበት ወለል ላይ የሚነጠፈው ጨርቅ ቀርቶናል። እንግሊዝኛው ራሱን የቻለ ስም አለው። በአካባቢያችን ግን ለዚህ ሥራ ለብቻው የሚሸጥ ዕቃ ማግኘት ስለሚያዳግት ቀቢው የተቀደደ ማዳበሪያ ወይም ካርቶን ያነጥፋል። ስለዚህ መጽሐፉ «የወለል መሸፈኛ» ብሎ፣ በቅንፍ «ማዳበሪያ፣ ካርቶን ወይም አሮጌ አንሶላ» ብሎ ይጨምር።