የድንበር ጦርነት ፍጻሜና የአሰብ መንገድ

ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ የሚወርደው መንገድ ዲቾቶ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው በጋላፊ አድርጎ ወደ ጅቡቲ ይሄዳል፤ ሁለተኛው በኤሊዳርና በቡሬ አልፎ አሰብ ይገባል። የደሴና የኮምቦልቻ ነጋዴ እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ ዕቃውን ይልቁንም በሁለተኛው ያስመጣ ነበር። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር በባድመ ምክንያት ጦርነት ሲነሣ የአሰብ በር ተዘጋ፤ የአገሪቱም ንግድ ወደ ጅቡቲ ዞረ።

ጠቡ ስለ መሬት ነው ቢባልም ነጋዴው ምልክቱን አስቀድሞ አይቶት ነበር። በኅዳር 1990 ዓ.ም. ኤርትራ ናቅፋ የተባለውን ገንዘብ ስታወጣ፥ ኢትዮጵያ በሁለቱ አገሮች መካከል ከ2,000 ብር በላይ የሆነው ንግድ በውጭ ምንዛሪና በሌተር ኦፍ ክሬዲት እንዲካሄድ ወሰነች። ክርክሩ ከሂሳብ መዝገብ ወደ ጦር ሜዳ ለመሸጋገር የፈጀው ስድስት ወር ያህል ብቻ ነው።

ፍጻሜው ግን እንደ አጀማመሩ ፈጣን አልሆነም። ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. አልጀርስ ላይ ስምምነት ተፈረመ፤ ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ዓ.ም. የድንበር ኮሚሲዮኑ ባድመን ለኤርትራ የሚያደርግ ውሳኔ ሰጠ። ውሳኔው የመጨረሻና አስገዳጅ ይሁን እንጂ በመሬት ላይ ሳይፈጸም ቀረ፤ ሁለቱ ሠራዊቶችም ለዓመታት ተፋጠጡ። ሐምሌ 2 ቀን 2010 ዓ.ም. አሥመራ ላይ ሰላም ታወጀ፤ መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የቡሬ በር ተከፈተ። ቀረጡ፥ ጉምሩኩና ምንዛሪው በምን ሥርዓት እንደሚመራ ግን ሳይደነገግ፥ በሩ ዓመት እንኳ ሳይሞላው ተመልሶ ተዘጋ።

በዚህ ረገድ የፔሩና የኤኳዶር ነገር ሊጤን ይገባዋል። እነዚህ አገሮች በ1987 ዓ.ም. ስለ ድንበራቸው ተዋግተው፥ ጥቅምት 16 ቀን 1991 ዓ.ም. ብራዚልያ ላይ ሲታረቁ ወሰኑን ብቻ አልቈረጡም፤ የንግድና የመርከብ ጉዞ ውል ጨምረው ፈረሙ። ለኤኳዶርም በቲዊንሳ 1 ካሬ ኪሎ ሜትር መሬት፥ ሉዓላዊነቱ ለፔሩ ሆኖ፥ በግል ንብረትነት ተሰጣት። የክብሩም የገበያውም ጥያቄ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተፈታ። በአልጀርሱ ሰነድ ውስጥ ግን ስለ ወደብ አንዳች አንቀጽ የለም።

ያልተፈታ የወሰን ጠብ ምን እንደሚያስከትል ደሴና ኮምቦልቻ ከሌላ ሰው አይማሩም። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የትግራይ ኃይሎች ሁለቱን ከተሞች ያዙ፤ በኅዳር መጨረሻ የመንግሥት ሠራዊት አስለቀቀ። በመካከሉ ሱቅና መጋዘን ተዘረፈ፤ የዓለም ምግብ ፕሮግራም እንኳ የዕርዳታ እህሉ ስለ ተዘረፈበት በሁለቱ ከተሞች ማከፋፈሉን አቋረጠ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ የተፈረመው ስምምነት ተኩሱን አስቆመ። ይሁንና የአማራና የትግራይ ክልሎች የሚከራከሩባቸውን ቦታዎች ጉዳይ በሕገ መንግሥቱ መሠረት እንዲታይ ብሎ ለነገ አሳደረው፤ ኤርትራም ፈራሚ አልነበረችም።

በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ የቀይ ባሕርን ጉዳይ በአደባባይ ካነሡ ወዲህ በአዲስ አበባና በአሥመራ መካከል ጥርጣሬው እንደገና በርትቷል። አሰብ በኃይል ቢያዝ ንግድ ይሰፋል የሚል ሰው አይጠፋም። ነገር ግን ባለ መርከቡም ሆነ መድን ሰጪው የጦር ሜዳ የሆነውን ወደብ በቀላሉ አይደፍሩትም። የጅቡቲውም መንገድ የሚያልፈው በዚያው በአፋር ምድር ነውና፥ ስለ አሰብ የሚተኮስ ጥይት ዛሬ ያለውን ዋና በር ጭምር ያሰጋል። ለኮምቦልቻ መጋዘኖች ከባሕር የሚመጣው ዕቃ በአብዛኛው የሚወጣው በዚሁ በሚሌና በባቲ ዳገት ነው።